የመኪናዬ ሒሳብ በጎረቤቶቼ ላይ እንዳይወድቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደሴ

ይድረስ፦ የኤሌክትሪክ ታሪፍና የቆጣሪ ጉዳይ ለምትወስኑ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ በአንድ ቆጣሪ ለምንኖር ጎረቤታሞች፤ ቤት ለምታከራዩ ወገኖች፤ የኤሌክትሪክ መኪና ለገዛችሁና ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ መኪናን በቤት ቻርጅ ማድረግ የሚያመጣውን ወጪ ማን እንደሚሸከም

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ጠዋት ወርጄ ማታ እወጣለሁ፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዓመት በፊት አሮጌዋን የቤንዚን መኪናዬን ሸጬ፣ ብድር ጨምሬ፣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በግቢያችን ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። በእሱ የምንጠቀመው የቤቱ ባለቤት የሆኑትና ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት፣ ሁለት ልጆቿን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምታሳድግ እናት፣ በቅርቡ የተጋቡ ባልና ሚስት፣ እና እኔ ነን። ሒሳቡ ሲመጣ እማማ ቡና ያስፈሉና፣ ወረቀቱ ከእጅ እጅ ይዞርና፣ ለአራት ተካፍለን እንከፍላለን። ለዓመታት ያለ አንዳች ቅሬታ የኖርንበት ሥርዓት ነው።

መኪናዋ ከገባች በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ በመጣ ዕለት ግን እማማ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። ባለፈው ወር 230 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው ፍጆታ 480 ሆኗል። ገንዘቡ ደግሞ በእጥፍ አላቆመም፤ ከእጥፍ አልፎ ሄዷል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤቴ ብቻ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «በዚህ ወር እንኳ እኔ የጋገርኩት ካለፈው ያነሰ ነበር» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ አንዲት ንግግር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ታሪፋችን በእርከን የተሠራ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500፣ ከዚያም ከ500 በላይ እያለ ይወጣል፤ እርከኑ በወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ሐሳቡ ቀና ነው፤ አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ያለውን ሰው ከባለ ብዙ ዕቃው ለመለየት የታሰበ ነው። ነገር ግን ቆጣሪ ሰው አይለይም። አራት ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለታሪፉ የሚታየው አንድ ሀብታም ቤት ነው። በዚህ ላይ የአንዱ ተከራይ መኪና ሲጨመር፣ ሻይ ከማፍላትና ልብስ ከመተኮስ ያላለፈው ጎረቤት ሁሉ በመኪናው እርከን ሒሳብ ይከፍላል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል የተወሰነ በመሆኑ፣ ዛሬ በመቶ ብሮች የሚቆጠረው ልዩነት ነገም በዚያው ልክ እንደማይቆይ እናውቃለን።

ለራሴ ብቻ ካሰላሁት ደግሞ ትርፉ የሚያስደንቅ ነው። በወር የምነዳው 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የድሮዋ መኪናዬ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ስለምትፈጅ በወር 104 ሊትር ቤንዚን እቀዳ ነበር። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ማለፉን ስናስብ፣ ለዚህ መንገድ ብቻ በወር ከ10,400 ብር በላይ ያስፈልገኝ ነበር ማለት ነው። የአሁኗ መኪናዬ በቻርጀሩና በሽቦው ላይ የሚባክነው ጭምር ተደምሮ ከቆጣሪው የምትወስደው በወር 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር እናድርገው ብንል እንኳ 2,500 ብር ይሆናል። ምቾቱን ደግሞ በገንዘብ ልተምነው አልችልም። ለቤንዚን ተሰልፌ ያመሸሁባቸው ቀናት ቀርተዋል፤ ማታ ሰክቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። እንግዲህ ርካሽነቱም ምቾቱም የኔ ሆኖ፣ የእርከኑ ጭማሪ ግን ለአራት ሲካፈል፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይ? አይደለም። እኔ የማተርፈው ገንዘብ ከፊሉ የሚወጣው ከእንጀራ ሻጯ መቀነት ነው።

በእኛ ግቢ መፍትሔ ያልነውን ልንገራችሁ፤ ሌላውም ግቢ ሊጠቀምበት ይችላል። የመኪናዬን መስመር ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሒሳቡ ሲመጣ በመጀመሪያ መኪናዋ ባትኖር ኖሮ ግቢው ስንት ይከፍል እንደነበር እናሰላለን፤ እሱን እንደ ቀድሞው ለአራት እንካፈላለን። ከዚያ በላይ ያለውን በሙሉ እኔ እከፍላለሁ። ልብ በሉ፣ «የተጠቀምከውን ያህል ክፈል» ማለት ብቻውን አይበቃም። 250ውን ብቻ በአማካይ ዋጋ ብከፍል የእነሱ 230 አሁንም በውድ ዋጋ ይሰላል። እርከኑን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝና ልዩነቱን ሙሉ ለሙሉ መሸከም ያለብኝ እኔው ነኝ። ይህን ስነግራቸው እማማ «አላህ ያግራው» ብለው መረቁኝ።

አሁን ስለ ሽቦ ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት የሰው ሕይወት ያስከፍላልና። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ቻርጅ ያደረግሁት ከክፍሌ ሶኬት በመስኮት በኩል ማራዘሚያ አውጥቼ ነበር። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ገመድ መሰኪያው ከእኛ ክብ ሶኬት ጋር ስለማይገጥም መሀል ላይ አስማሚ ጨምሬበታለሁ። አንድ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። አስማሚው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል፤ ግድግዳው ጠቁሯል። ከግድግዳው ጀርባ የሚተኙት የጎረቤቴ ሁለት ልጆች ናቸው። ዛሬም ሳስታውሰው እጄ ይንቀጠቀጣል። ሶኬት ለአሥር ደቂቃ ሻይ ማፍያ የሚሸከመውን ለስምንት ሰዓት አይሸከምም፤ የላላ ብሎን ወይም የሳሳ ሽቦ ካለ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም ያድራል። የብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ሽቦው የተዘረጋው አምፖልና ቴሌቪዥን ታስቦ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሳሽን ወደ መሬት የሚወስድ የምድር ሽቦ የሌለው ቤትም ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቼ ከዋናው ብሬከር በቀጥታ የሚመጣ፣ ከሌላ ነገር ጋር የማይገናኝ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አስዘረጋሁ። የምድር ብረት አስቀበርኩ፤ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር አስገጠምኩ። ወጪው የሁለት ወር የቤንዚን ገንዘቤን ያህል ሆነ። ተከራይ ነኝና ነገ ቤት ብቀይር ሽቦው እዚያው ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ይህን ወጪ አንድ ጊዜ አውጥቶ ለዓመታት ይጠቀምበታል፤ ተከራይ ግን በተዛወረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። የብዙ ተከራይ መኪና አሁንም በማራዘሚያ የሚሞላው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም።

መኪና ልትገዙ የምታስቡ ወገኖቼ በጣም እንድታስቡበት የምለምነው የፍጥነትን ነገር ነው። መኪናዋን ስገዛ «ቤትህ ግድግዳ ላይ ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ካልሰቀልክ አትንቀሳቀስም» ተብዬ ነበር። ሒሳቡን በደብተር ላይ ሳስቀምጠው ግን ሌላ ሆነ። ደሴ በከፍታ ከኮምቦልቻ በ650 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሐረጎን ስወርድ መኪናዋ ፍሬን በያዘች ቁጥር ኃይል ወደ ባትሪው ስለምትመልስ የምትፈጀው ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ስወጣ ግን ወደ 7 ይደርሳል፤ ክብደቷን ያን ያህል ከፍታ ለማውጣት ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋልና። ደርሶ መልሱ በአማካይ 8.7 ሲሆን ብክነቱ ሲጨመር ወደ 9.6 ይጠጋል። በ10 አምፔር፣ ማለትም በ2.2 ኪሎ ዋት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሞላ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገባል። የቀኔ መንገድ በአምስት ሰዓት ተሸፈነ ማለት ነው፤ ያውም እኔ ተኝቼ። ለ7 ኪሎ ዋቱ ቻርጀር የምከፍለው፣ በእንቅልፍ ላይ ለማልጠቀምበት ፍጥነት ነበር።

ፍጥነቱ ለጎረቤትም ዋጋ አለው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር መስቀል ማለት በግቢው ውስጥ ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ጥዶ ሰዓታት ማቆየት ማለት ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚችል የሰፈር ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ 30 ምጣድ እንኳ አይሸከምም። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ሁሉም ወጡን ሲሠራና እንጀራውን ሲጋግር፣ አምፖላችን እንዴት እንደሚደበዝዝ የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። በዚያ ሰዓት አሥር መኪና በአንድ ሰፈር ቢሰካ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን ለደሴ ነጂዎች ብቻ የምነግራት አንዲት ነገር አለችኝ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ባትሪያችሁን ሌሊት እስከ 100 አትሙሉት። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ ሐረጎን በፍሬን ሸራ ብቻ ትወርዳላችሁ። እኔ 85 ላይ አቆመዋለሁ። ቁልቁለቱ የሚሰጠኝን በነፃ እቀበላለሁ፣ ፍሬኔም አይግልም። የባትሪ ዓይነታችሁ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት የሚፈልግ ከሆነ፣ ወደ ኮምቦልቻ በማትወርዱበት፣ ከተማ ውስጥ ግን በምትነዱበት ቀን ዋዜማ አድርጉት።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ተመርቋል፤ እኛም እንደ ሌላው ወገናችን ከደመወዛችን ቦንድ ገዝተንበታል። ስለዚህ «መኪናው ለምን በኤሌክትሪክ ሆነ?» የሚል ጥያቄ የለኝም፤ ውሳኔውንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ሐረጎ ዳገት ባለው መንገድ ላይ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር፣ ከምሰሶው እስከ ሶኬቱ ያለችው፣ ለተከራይና ለጎረቤቱ ብቻ ተትታለች። የምጠይቃችሁ ስለዚያች መቶ ሜትር ነው።

ተከራይ በአከራዩ ስምምነት በዚያው ግቢ ውስጥ ለመኪናው ብቻ የሚሆን የራሱ ቆጣሪ የሚያገኝበትን ቀላል መንገድ አብጁልን። በእኛ ግቢ ይህ ቢሆን እነሱ ወደ 230ዋቸው ይመለሳሉ፤ የኔ 250 በራሱ ወረቀት፣ በራሱ እርከን ይሰላል። ይህ መሥሪያ ቤቱን ገቢ ያሳጣዋል ካላችሁ፣ ለመኪና የተለየ ታሪፍ አውጡ፤ ከቤት ፍጆታ ዝቅተኛ እርከኖች ከፍ ቢል እንኳ አልቃወምም። እከፍላለሁ። እንድከፍል የምፈልገው ግን እኔው ራሴ ነኝ እንጂ በግድግዳ የምትለየኝ እናት እንድትከፍልልኝ አይደለም።

ሁለተኛው የሌሊት ዋጋ ነው። በቤት ሒሳባችን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠቀምነውና ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጠቀምነው በአንድ ዋጋ ነው የሚሰላው። ስለዚህ መኪናውን ከሥራ እንደተመለሰ ወዲያው የሚሰካው ሰው ሰፈሩን እያጨለመ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚታገሠው ሰው ለትዕግሥቱ ምንም ሳያገኝ፣ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። ግድቡ ውኃውን አቁሮ ማሳደር ይችላል፤ የምሽቱን ጫና ማሳደር የማይችለው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። የሌሊቱ ዋጋ በግልጽ ዝቅ ቢል ሰው ሰዓቱን ራሱ ይመርጣል፤ ማስገደድ አያስፈልግም። «ለባለ መኪና ለምን ይቀነስለታል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ጎረቤቴ ናት። እንጀራዋን ለጠዋት ገበያ የምታደርሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ነው። በሌሊት ዋጋ ከኔ ይልቅ የምትጠቀመው እሷ ናት፤ በየከተማው በዚያ ሰዓት ምጣዳቸውን የሚጥዱ እናቶች ሁሉ ናቸው።

ደግሞም ለመኪና የሚዘረጋ መስመር ከመሰካቱ በፊት በባለሙያ ይታይ። ከባድ ቅጽና ረጅም ቀጠሮ ከሆነ ሰው ወደ ማራዘሚያው ይመለሳል። አንድ ሰው መጥቶ የሽቦውን ውፍረት፣ የምድር ሽቦውን፣ የብሬከሩን ልክ አይቶ ቢፈርም ይበቃል።

ቤት የምታከራዩ እናቶቼና አባቶቼ፣ ተከራያችሁ በራሱ ወጪ የተስተካከለ መስመር ላስገባ ሲላችሁ ግድግዳው ይበላሻል ብላችሁ አትከልክሉት። ሽቦው ለእናንተ የሚቀር ንብረት ነው። ካወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ከኪራይ ብትቀንሱለት ደግሞ ማራዘሚያ በመስኮት ከማውጣት ታድኑታላችሁ፤ ቤታችሁንም እንዲሁ።

በግቢያችን አሁን ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ትንሿ ቆጣሪ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ በምስማር የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ በየሳምንቱ እሑድ የቆጣሪዋን ንባብ የሚጽፉት አዲሶቹ ሙሽሮች ናቸው፤ እኔ አልነካውም። መኪናዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በራሷ መሙላት ታቆማለች፤ በዚያው ሰዓት ጎረቤቴ ምጣዷን ትሰካለች። ይህን ሁሉ ዓይቶ ለመወሰን የሚፈልግ ኃላፊ ወይም ባለሙያ ካለ በማንኛውም ቀን ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው። ከተቻለው ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ተራው ከመኪናዋ ወደ ምጣዱ ሲተላለፍ የሚያየው ያን ጊዜ ነው፤ ትኩስ እንጀራም ይደርሰዋል።

ከአክብሮት ጋር

የሐረጎ መንገድ ተመላላሽና ተከራይ
ሆጤ፣ ደሴ